የምንጊዜም የኤንቢኤ ድራፍት፦ ተጫዋች እንዴት ይመዘናል፣ እንዴት ይመረጣል፣ ክርክሩስ እንዴት ይካሄዳል

ስምንት ሰው ይሰበሰባል። እያንዳንዱ ከኤንቢኤ (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ) ታሪክ በሙሉ ስምንት ተጫዋቾችን በተራ ይመርጣል፤ ድራፍት የሚባለው ይህ ምርጫ ነው፤ አንዴ የተመረጠ ተጫዋች ለሌላው አይሆንም። ከዚያ ቡድኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይገጥማሉ። ግጥሚያው የሚካሄደው በክርክር፣ አሸናፊው የሚለየው በድምፅ ነው። በየሳምንቱ ነጥብ ከሚደመርበት ከተለመደው ፋንታሲ የሚለየውም በዚህ ነው፦ ኮምፒውተር አይፈርድላችሁም፣ ሰው ማሳመን አለባችሁ።

ብዙ ሰው «ማን ይበልጣል?» እያለ ይመርጥና ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ይጨንቀዋል። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ «ይህን ሰው አሁን ባልወስደው፣ ተራዬ ተመልሶ ሲደርስ በእሱ ቦታ ማን ይጠብቀኛል?» በድራፍት ላይ የተጫዋች ዋጋ ማለት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ምርጥ ከሚባሉት አምስት ሴንተሮች (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወቱ ረጃጅም ተጫዋቾች) አንዱን መውሰድ ኩራት ሊሆን ይችላል፤ ስድስተኛውና ሰባተኛው ሴንተርም ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብለው ከሆነ ግን ምርጫችሁ ያተረፈላችሁ ትንሽ ነው።

ከዕጣው በፊት ተጽፈው የሚያልቁ ደንቦች

ክርክር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው ነው። አንዱ ስለ ተጫዋቹ ምርጥ ዓመት ያወራል፣ ሌላው ስለ ሙሉ የጨዋታ ዘመኑ ይመልሳል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግን አይገናኙም። ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች የምርጫ ተራ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ ይቀመጡ።

የሚመረጠው ምንድን ነው? አንድ የውድድር ዓመት፣ ተከታታይ ሦስት ዓመት ወይስ ሙሉ የጨዋታ ዘመን? ልዩነቱ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ይገለብጠዋል። ቢል ዋልተን በ1976-77 በአማካይ 18.6 ነጥብና 14.4 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) አስመዝግቦ ፖርትላንድን ሻምፒዮን አድርጓል፤ በጨዋታ ዘመኑ በሙሉ የተጫወተው መደበኛ ጨዋታ ግን 468 ብቻ ነው። በአንድ ዓመት ድራፍት እስከ ሦስተኛው ዙር ድረስ ሊወሰድ የሚገባው ሰው በሙሉ ዘመን ድራፍት ከ64ቱ ተመራጮች ውስጥ መግባቱም ያጠራጥራል። ጆን ስቶክተን ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ 19 ዓመት፣ 1,504 ጨዋታ፣ 15,806 አሲስት (ለጎል ያበቃ ቅብብል)። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ቡድን የአንድ ዓመቱ ይሻላል። አሃዙ የታወቀ ስለሆነ ክርክሩ አይንሳፈፍም።

ዓመቱ ሲጻፍ ሁለቱም ዓመታት ይጻፉ። «ጆርዳን 1988» ብሎ የመዘገበ ሰው 1987-88ን ይሁን 1988-89ን አልተናገረም፤ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ጠብ የሚያስነሳው ይህ ነው። ዝቅተኛ የጨዋታ ብዛትም ይወሰን፤ ነገር ግን በቁርጥ ቁጥር ሳይሆን በመቶኛ። «ቢያንስ 60 በመቶ» ብትሉ በ82 ጨዋታ ዓመት 50 ጨዋታ ይሆናል፤ 50 ጨዋታ ብቻ በተካሄደበት በ1998-99 ደግሞ 30 ይሆናል፤ 66 በተካሄደበት በ2011-12 ወደ 40 ይጠጋል። በደፈናው «ቢያንስ 60 ጨዋታ» ያለ ደንብ የ1998-99ን ዓመት ጠራርጎ ያስወጣዋል።

ግጥሚያው በየትኛው ሕግ ይካሄዳል? በዛሬው ሕግ ከሆነ የሦስት ነጥብ መስመሩ ከፊት ለፊት 7.24 ሜትር፣ ከማዕዘን 6.71 ሜትር ነው፤ ዞን መከላከል (ሰው ሳይሆን ክልል መጠበቅ) ተፈቅዷል፤ ተከላካይ ግን የሚጠብቀው ሰው አጠገቡ ሳይኖር ቅርጫቱ ሥር ባለው ቀለም በተቀባው ክልል ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም። ይህ ሕግ የመጣው በ2001-02 ነው። በእጅ እየነኩ መከላከልን የሚከለክለው ጥብቅ አተረጓጎም ደግሞ በ2004-05። የተመረጠው ሕግ የተጫዋቾችን ዋጋ በቀጥታ ስለሚቀይር ከዕጣው በኋላ ሊነሳ አይገባም።

ተጫዋቹ እንዴት ይመጣል? እንደነበረ ይመጣል ወይስ «ዛሬ ቢወለድ ኖሮ» ተብሎ ይታሰባል? እንደነበረ ይምጣ፤ የምንጨምርለት ጥቂት ሳምንት የልምምድ ጊዜ ብቻ ይሁን። «ዛሬ ቢወለድ ኖሮ» የሚለው በር ከተከፈተ ማንም ሰው ማንንም የሦስት ነጥብ ተኳሽ ማድረግ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ማስረጃ የሚባል ነገር አይኖርም።

ኤቢኤም (ያኔ ከኤንቢኤ ጎን ለጎን የነበረው ሌላው ሊግ) አይረሳ። ጁሊየስ ኧርቪንግ በ1975-76 በአማካይ 29.3 ነጥብ እያስቆጠረ ኔትስን ሻምፒዮን ያደረገው በኤቢኤ ነው፤ ሁለቱ ሊጎች የተቀላቀሉት ከዚያ ዓመት በኋላ ነው። ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ፣ አንድ መስመር ይበቃል።

የድሮን አሃዝ ከዛሬው ጋር ማስተያየት

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩ፤ የድራፍቱ ማሸነፍና መሸነፍ ግማሹ የሚወሰነው እዚህ ነው። በ1961-62 አንድ የኤንቢኤ ቡድን በአማካይ በጨዋታ 107.7 ጊዜ ወደ ቅርጫት ይወረውር ነበር፤ በ2015-16 ግን 84.6 ጊዜ። በዚያን ጊዜ ከሚሞከረው ውስጥ የሚገባው 42.6 በመቶ ብቻ ስለነበረ፣ ከቀለበት የሚመለሰው ኳስ እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ የ1962 ሪባውንድና የ2016 ሪባውንድ አንድ ዓይነት ዕቃ አይደሉም።

ቀላሉ ማስተካከያ የተጫዋቹን አሃዝ በዚያ ዓመት ለነበረው የሊጉ የቡድን አማካይ ማካፈል ነው። ዊልት ቻምበርሊን በ1961-62 በአማካይ 25.7 ሪባውንድ ወስዷል፤ የአንድ ቡድን አማካይ 71 ገደማ ነበር፤ ሲካፈል 36 በመቶ ይሆናል። ዴኒስ ሮድማን በ1991-92 የወሰደው 18.7 ነው፤ የቡድን አማካዩ ግን 44 ገደማ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ 42 በመቶ ይሆናል። በዚያ ላይ ቻምበርሊን ትርፍ ሰዓትን ጨምሮ በአማካይ 48.5 ደቂቃ ሲጫወት ሮድማን 40 ደቂቃ ገደማ ነበር የሚጫወተው። ሪባውንድ ብቻ የሚፈልግ ሰው ማንን መውሰድ እንዳለበት ግልጽ ነው፤ ሮድማንን የምታገኙት ደግሞ ከቻምበርሊን አራትና አምስት ዙር ዘግይታችሁ ነው።

በነጥብም ያው። ቻምበርሊን ዝነኛውን 50.4 ነጥብ ያስቆጠረው ቡድኖች በአማካይ 118.8 ነጥብ በሚያስቆጥሩበት ዓመት ነው፤ 42 በመቶ ገደማ። የጆርዳን የ1986-87 37.1 ነጥብ ለ109.9 ሲካፈል 34 በመቶ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ቻምበርሊን ከማስተካከያው በኋላም ቀድሞ ይገኛል። ስለዚህ «የድሮ አሃዝ ሁሉ የተነፋ ነው» ብሎ መደምደምም አይቻልም፤ እያካፈሉ ማየት ነው።

ቀጥሎ የውርወራ ብቃት። ለዚህ የሚያገለግለው ትሩ ሹቲንግ የሚባለው ስሌት ነው፦ የፍሪ ትሮው (የቅጣት ውርወራ) ሙከራውን በ0.44 አባዙ፣ የሜዳ ውርወራ ሙከራውን ደምሩበት፣ ድምሩን በ2 አባዙ፣ ከዚያ ነጥቡን ለዚህ አካፍሉ። 0.44 የተባለው ፍሪ ትሮው ሁልጊዜ ሁለት ሁለት እየሆነ ስለማይመጣ ነው፤ ከገባ ኳስ ጋር የሚሰጥ አንድ ውርወራ አለ፣ የቴክኒካል ቅጣት አለ።

ስቴፈን ከሪን በ2015-16 እንውሰድ። 30.1 ነጥብ፣ 20.2 የሜዳ ውርወራ፣ 5.1 ፍሪ ትሮው። 5.1 በ0.44 ሲባዛ 2.2፤ ከ20.2 ጋር 22.4፤ በ2 ሲባዛ 44.8፤ 30.1 ለዚህ ሲካፈል 67 በመቶ። የዚያ ዓመት የሊጉ አማካይ 54 በመቶ ገደማ ነበር። ልዩነቱ 13 ነው። ይህን 13 በመቶ መልሳችሁ በ44.8 ብታባዙት 5.8 ይመጣል፦ አንድ አማካይ ተኳሽ ያንኑ ያህል ኳስ ቢወረውር ከሚያገኘው በላይ ከሪ በየጨዋታው ወደ ስድስት የሚጠጋ ነጥብ ጨምሯል ማለት ነው። ጆርዳንን በ1990-91 በዚሁ መንገድ ብታሰሉት 60.5 በመቶ ነው፤ ሊጉ 53.4 ነበር፤ ትርፉ በየጨዋታው 3.7 ነጥብ ገደማ። አለን አይቨርሰን ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) በሆነበት በ2000-01 በአማካይ 31.1 ነጥብ አስቆጥሯል፤ ብቃቱ ግን 51.8 በመቶ፣ ሊጉም እዚያው አካባቢ ነበር። ትርፉ ዜሮ ገደማ ነው።

ይህ ማለት አይቨርሰን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ማጥቃት በማይችል ቡድን ውስጥ ያን ሁሉ ከባድ ውርወራ አማካይ በሆነ ብቃት መሸከም በራሱ ሥራ ነው፤ የዚያ ዓመቱ ፊላደልፊያ ፍጻሜ የደረሰው በዚህ ነው። ነገር ግን የእናንተ ቡድን የኮከቦች ቡድን ነው፤ ውርወራ የሚሸከም ሰው አይቸግራችሁም። አይቨርሰን በድራፍት ላይ ከስሙ በታች የሚወርደው ለዚህ ነው።

አሃዝ ያልተመዘገበበት ዘመን

ስቲል (ኳስ መንጠቅ) እና ብሎክ (ውርወራ ማገድ) በኤንቢኤ መመዝገብ የጀመሩት በ1973-74 ነው። የግል ተርንኦቨር (ኳስ ለባላንጣ ማስረከብ) ከ1977-78። የሦስት ነጥብ መስመር ከ1979-80። የምርጥ ተከላካዮች ቡድን መመረጥ የጀመረው በ1968-69፣ የዓመቱ ተከላካይ ሽልማት በ1982-83፣ የፍጻሜ ኤምቪፒ በ1969። ይህን ዝርዝር አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ ምክንያቱም ከተከራካሪዎች አንዱ «ቢል ራስል አንድም የፍጻሜ ኤምቪፒ የለውም» ማለቱ አይቀርም። ራስል ከ13 ዓመት 11 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሽልማቱ የመጣው በመጨረሻው ዓመቱ ነው፤ ዛሬ የፍጻሜ ኤምቪፒው ዋንጫ የሚጠራው በእሱ ስም ነው።

ለእንዲህ ያለ ተጫዋች የሚቀርበው ማስረጃ ቡድኑ ከእሱ ጋርና ያለ እሱ ምን እንደሆነ ነው። ቦስተን በ1968-69 48 አሸንፎ 34 ተሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ ራስል ጡረታ በወጣበት በቀጣዩ ዓመት 34 አሸንፎ 48 ተሸነፈና ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለው የዋንጫ ፉክክር) እንኳ አልገባም። ጠንካራ ማስረጃ ነው። ግን ሳም ጆንስም በዚያው ዓመት አብሮ መውጣቱን ሳትናገሩ ብታቀርቡት ተቃዋሚያችሁ ይናገረውና ሌላው ንግግራችሁ ሁሉ ይጠረጠራል። ደካማ ጎኑን ራሳችሁ ቀድማችሁ አንሱት።

ጨዋታውን በዓይን ማየት

የድንቅ ቅጽበቶች ቪዲዮ ለዚህ ሥራ አይረባም፤ ኳስ የገባበትን ብቻ ያሳያል። አንድ ሙሉ ጨዋታ ፈልጉ፤ የመጀመሪያውን 12 ደቂቃ ኳሱን ትታችሁ የምትመዝኑትን ሰው ብቻ ተከተሉ። ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ኳስ ሌላ ሰው እጅ ላይ እያለ የእሱ ጠባቂ ትቶት የሄደበት፣ ሁለት ሰው የመጣበት፣ በመከላከል ጊዜ ባላንጣው አልፎት ሌላ ሰው የደረሰለት። እያንዳንዱን በጭረት ቁጠሩ። የመጀመሪያው ዓምድ በጭረት ከሞላ ያ ተጫዋች ለሌሎቹ ኮከቦቻችሁ ሜዳ ያጠብባቸዋል ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከ2001 በፊት በነበረው ሕግ ተከላካይ ወይ ሰውዬውን መጠበቅ ወይ ሙሉ በሙሉ ሄዶ ኳስ የያዘውን ማጣደፍ ነበረበት፤ መሃል ላይ ቆሞ ሁለቱንም መጠበቅ ያስቀጣል። ስለዚህ በ1990ዎቹ ጨዋታ ላይ መተኮስ የማይችል ሰውም ጠባቂውን ይዞ ርቆ ይቆም ነበር፣ ዓምዱም ባዶ ይወጣል። በዛሬው ሕግ የምትጫወቱ ከሆነ ያ ባዶ ዓምድ አያታልላችሁ።

አምስት ሰው፣ አንድ ኳስ

የኳስ ድርሻ የሚባል መለኪያ አለ፤ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ እያለ ከቡድኑ ማጥቃት ስንቱ በእሱ እጅ እንደሚያልቅ ይናገራል። አምስቱ ሲደመሩ 100 በመቶ መሆን አለባቸው። ዌስትብሩክ በ2016-17 41.7፣ ጆርዳን በ1986-87 38.3፣ አይቨርሰን በ2000-01 35.9 ነበራቸው። ሦስቱን አንድ ላይ ያሰለፈ ሰው 116 ደርሷል፤ ሁለት ተጫዋቾችም ገና አልተቆጠሩም። ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ የማያውቁትን ጨዋታ ይጫወታሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ዋጋው የሚጨምረው ኳስ ሳይዝ የሚጠቅም ሰው ነው። ክሌይ ቶምፕሰን በታኅሣሥ 2016 ኢንዲያና ላይ በ29 ደቂቃ 60 ነጥብ ሲያስቆጥር ኳስ በእጁ የቆየው 90 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ኳሷን መሬት ላይ ያነጠረው 11 ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከጆርዳንም ከሌብሮንም ጎን ይቆማል፤ ከማንም ምንም አይቀንስም። ሬጂ ሚለር፣ ስኮቲ ፒፐን፣ የ2015-16 ድሬይመንድ ግሪን፣ በ2014-15 ከሦስት ነጥብ 49.2 በመቶ የተኮሰው ካይል ኮርቨር ሁሉም ከስማቸው በላይ የሚያወጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

ለዛሬው ሕግ የሚሠራ አምስት ሰው እንዲህ ይመርመር፦ ከባዶ ማጥቃት የሚፈጥሩ ሁለት፣ ጠባቂ ትቷቸው የማይሄድ ተኳሾች ቢያንስ ሦስት (ፈጣሪዎቹም ሊቆጠሩ ይችላሉ)፣ ቀለበት የሚጠብቅ አንድ፣ የተቃራኒውን ምርጥ የክንፍ ተጫዋች የሚይዝ አንድ። መተኮስ የማይችሉ ሁለት ሰዎችን አብራችሁ አታሰልፉ። ቤን ዋላስ አራት ጊዜ የዓመቱ ተከላካይ የሆነ ሰው ነው፤ ሮድማንን ከጎኑ ስታቆሙ ግን የሁለቱ ጠባቂዎች ቅርጫቱ ሥር ይተከላሉ፤ ኮከባችሁ ሰብሮ ሲገባ ሦስት ሰው ይጠብቀዋል።

ለቀድሞ ተኳሾች ያለ ሦስት ነጥብ አሃዝ ማስረጃ ይቻላል። ላሪ በርድ በ1985-86 የሊጉ የሦስት ነጥብ አንደኛ የነበረው 82 ብቻ አስገብቶ ነው፤ ከሪ በ2015-16 402 አስገብቷል። ግን በርድ ከሞከራቸው 42.3 በመቶ አስገብቷል፣ ፍሪ ትሮው ላይ ደግሞ 89.6። ፍሪ ትሮው ማንም ሳይጠብቅ የሚወረወር ስለሆነ የእጅን ጥራት ያሳያል፤ ከ85 በላይ የሆነ ሰው ከሩቅም ይተኩሳል ብሎ መከራከር ያስኬዳል፤ ከ75 በታች ለሆነ ሰው አትሞክሩት። በተቃራኒው ደግሞ አንድ ሰው የጆርዳንን የ1995-96 የሦስት ነጥብ 42.7 በመቶ ሲያቀርብ መስመሩ ከ1994-95 እስከ 1996-97 ከየአቅጣጫው ወደ 6.71 ሜትር ተጠግቶ እንደነበር አስታውሱት። የሙሉ ዘመን አማካዩ 32.7 ነው።

ዝርዝር ማዘጋጀት፣ ክፍተቱን መፈለግ

አሁን 50 ያህል ስም በቦታ ከፍላችሁ ጻፉ፣ ለእያንዳንዱም ከ100 የራሳችሁን ደረጃ ስጡ። ደረጃው ልክ መሆኑ አይደለም የሚያሳስበው፤ የት ላይ እንደሚወርድ ማየቱ ነው። ሴንተሮቹን ስትጽፉ ካሪም፣ ራስል፣ ቻምበርሊን፣ ሻኪል ኦኒል፣ ኦላጁዋን፣ ዮኪች፣ ዴቪድ ሮቢንሰን፣ ሞሰስ ማሎን፣ ዋልተን፣ ዩዊንግ እያለ ይቀጥላል። አንደኛውን 98 ብትሉት ስምንተኛው ከ91 በታች አይወርድም። የክንፍ ተጫዋቾቹን፣ በተለይ በማጥቃትም በመከላከልም የሚጫወቱትን ስትጽፉ ግን ሌብሮን፣ በርድ፣ ዱራንት፣ ኧርቪንግ፣ ካዋይ ሌነርድ፣ ፒፐን ካላችሁ በኋላ ቁጥሩ በአንዴ ይወርዳል። የመጀመሪያው 98 ከሆነ ስምንተኛው 84 ሊሆን ይችላል። የሴንተሩ ልዩነት 7፣ የክንፉ 14። ስለዚህ ሴንተራችሁን ዘግይታችሁ፣ የክንፍ ተጫዋቻችሁን ቀድማችሁ ውሰዱ።

ይህን ከተራችሁ ጋር አገናኙት። ምርጫው ሄዶ ይመለሳል፦ በመጀመሪያው ዙር ከ1 ወደ 8፣ በሁለተኛው ከ8 ወደ 1። አንደኛ ዕጣ የደረሰው 1ኛን፣ 16ኛን፣ 17ኛን፣ 32ኛን፣ 33ኛን ይመርጣል፤ በመካከሉ 14 ሰው ይወሰዳል። ስምንተኛው 8ኛንና 9ኛን በአንድ ጊዜ፣ ከዚያ 24ኛንና 25ኛን። አራተኛው 4ኛ፣ 13ኛ፣ 20ኛ፣ 29ኛ። ዳር ላይ ያላችሁ ሁለት ሁለት ስለምትወስዱ የሚዋደዱ ጥንዶችን አስቡ፣ ለምሳሌ ኦላጁዋንና ከሪ ሁለቱም 8ኛው ላይ ከደረሱ አትመለሱ። መሃል ላይ ያላችሁ ደግሞ ከመምረጣችሁ በፊት «በዚህ ደረጃ ውስጥ የቀረው ስንት ሰው ነው?» ብላችሁ ቁጠሩ። አራተኛው ዕጣ ከ4ኛው እስከ 13ኛው ድረስ ስምንት ሰው ያልፍበታል፤ ስድስት ሰው የቀረበት ደረጃ አይጠብቀውም፣ አሥር የቀረበት ግን ይጠብቀዋል።

ምርጫው ሲካሄድ

በቴሌግራም ቡድን የምታካሂዱ ከሆነ አንድ ሰው የጋራ ሠንጠረዥ ይያዝ፤ ተራ ቁጥር፣ መራጭ፣ ተጫዋች፣ የውድድር ዓመት። ምርጫ የሚጸናው ሠንጠረዡ ላይ ሲሰፍር ነው። በአንድ ምሽት ለመጨረስ ለአንድ ምርጫ 3 ደቂቃ ስጡ፤ 64 ምርጫ ቢበዛ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይወስዳል። ጊዜ ያለፈበት ሰው በደረሰ ሰዓት ይመርጣል፣ ሌሎቹ ግን አይጠብቁትም፤ ኮምፒውተር እንዲመርጥለት ማድረግ ቡድኑን ያበላሻል።

አባላቱ አዲስ አበባና ውጭ ከሆኑ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። «ማክሰኞ 3 ሰዓት» ሲባል ዋሽንግተን ያለው ሰው ስልኩ ላይ 3፡00 ሲል ይመጣል። አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ በሐምሌ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ ስልካቸው 2፡00 ይላል፤ በጥር አንድ ሰዓት ወደኋላ ይመለሳል።

ተቀያሪዎችን ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ዙር ምረጡ፣ ግን በስም አይደለም። ሦስቱ ተቀያሪዎች 60 ደቂቃ ብቻ ነው የሚከፋፈሉት፤ ከእነሱ አንዱ ሴንተራችሁ በጥፋት ሲቸገር የሚተካ ይሁን፣ አንዱ ተኳሽ፣ አንዱ ኳስ ይዞ የሚመራ። ማኑ ጂኖቢሊ ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ ጨዋታ መቀየርን በተግባር ያሳየ ሰው ስለሆነ ለሦስተኛው ቦታ ድምፅ ሰጪ አያከራክርም።

ክርክሩ

የግጥሚያ ድልድሉ ዕጣ ከድራፍቱ በኋላ ይውጣ፤ ቀድሞ ከወጣ ሰው አንድ ባላንጣ ብቻ እያሰበ ይመርጣል። ለእያንዳንዱ ግጥሚያ ሁለቱ ወገኖች ከ300 ቃላት ያልበለጠ ጽሑፍ ያቀርባሉ። ውስጡ አራት ነገር ይኑር። 240ው ደቂቃ (የጨዋታው 48 ደቂቃ በአምስት ሰው) ለስምንቱ እንዴት እንደተደለደለ (አምስቱ ቋሚዎች 36 ቢጫወቱ 180፣ ቀሪው 24፣ 20፣ 16)። ማን ማንን እንደሚጠብቅ። በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ኳሱ በማን እጅ እንደሚጀምርና ሌሎቹ አራቱ የት እንደሚቆሙ። የባላንጣችሁን ዋና ጥንካሬ በምን እንደምታዳክሙ። ደቂቃ ያልደለደለ ሰው ስምንቱንም ኮከቦች ሜዳ ላይ እንዳሉ አድርጎ ይከራከራል፤ ይህን በመጀመሪያው መልሳችሁ ላይ አሳዩበት።

አንድ ክርክር እስከ ታች ድረስ እንዴት እንደሚኬድ እንይ። ባላንጣ የ1999-2000 ሻኪል ኦኒል አለው፤ እናንተ «እንይዘዋለን (ሆን ብለን ጥፋት እንሠራበታለን)፣ ፍሪ ትሮው አይችልም» ትላላችሁ። በዚያ ዓመት 52.4 በመቶ ነበር፤ ሁለት ፍሪ ትሮው በአማካይ 1.05 ነጥብ ያስገኛል። ያን ጊዜ አንድ ቡድን በአንድ የማጥቃት ተራ የሚያገኘው በአማካይ 1.04 ነበር። ስለዚህ በዘመኑ ሕግ ሻኪልን መያዝ ምንም አያተርፍም፤ ጥፋት ታጠራቅማላችሁ፣ እሱ ሲወረውርም ቡድኑ ተመልሶ ለመከላከል ይደርሳል። በቅርብ ዓመታት ግን የቡድኖች አማካይ 1.15 አካባቢ ደርሷል፤ የኮከቦች ቡድን ደግሞ ከዚያ በላይ ያገኛል፤ በዛሬው ሕግ ከሆነ መያዙ ትርፍ አለው። ባላንጣችሁ እዚህ ላይ ነቅቶ ከሆነ ደግሞ እንዲህ ይመልሳል፦ ከ2016-17 ጀምሮ በየሩቡ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ኳስ ያልያዘን ሰው ሆን ብሎ መያዝ አንድ ፍሪ ትሮውና ኳሱን መልሶ ያሰጣል። ስለዚህ ስልቱ የሚሠራው በሩቡ መሃል ብቻ ነው። ድምፅ ሰጪ የሚያምነው እንዲህ እስከ ገደቡ ድረስ የተሄደበትን ነው።

የሻምፒዮንነት ቀለበት መቁጠርን ተዉት። ሮበርት ሆሪ ሰባት አለው፣ ጆርዳን ስድስት፤ ባርክሌይ፣ ካርል ማሎን፣ ስቶክተንና ናሽ ምንም የላቸውም። ቀለበት የቡድን ነው፤ እናንተ ደግሞ ቡድኑን አፍርሳችሁ ሰው ብቻ ነው የወሰዳችሁት። «ያኔ ሊጉ ደካማ ነበር» የሚለውም ብቻውን ባዶ ነው። በ1961-62 ዘጠኝ ቡድን ብቻ ነበር፤ ይህ በአንድ በኩል ተጫዋች የሚመለመልበት ሕዝብ ጠባብ ነበር ማለት ነው፣ በሌላ በኩል ግን ቻምበርሊን ከራስል ጋር በየጊዜው ይጋጠም ነበር ማለት ነው። ይህን ነጥብ የሚያነሳ ሰው ሁለቱንም ያንሳ።

ድምፅ አሰጣጥ

ከስምንቱ ሁለቱ ሲጋጠሙ ስድስት ይቀራሉ፤ ጎዶሎ እንዲሆን ከውጭ አንድ ዳኛ ጨምሩና ሰባት አድርጉት። ድምፁ ለሰብሳቢው በግል ይላክ፤ በአደባባይ ከሆነ የመጀመሪያው ሰው ሌሎቹን ይጎትታል። እያንዳንዱ ድምፅ ሰጪ ከሰባት ጨዋታ ስንት ለስንት እንደሚያልቅ ይጻፍ፣ 4 ለ 2 ወይም 4 ለ 3 ብሎ፣ ከሥሩም ሁለት ዓረፍተ ነገር ምክንያት። ምክንያት የሌለው ድምፅ አይቆጠርም። ለጽሑፍ ሁለት ቀን፣ ለመልስ አንድ፣ ለድምፅ አንድ ከሰጣችሁ ሦስቱ ዙር በ12 ቀን ያልቃል። በዙሮቹ መካከል አሰላለፍና የደቂቃ ድልድል መቀየር ይፈቀድ፤ የተመረጠውን የውድድር ዓመት መቀየር ግን አይፈቀድም።